ከደሴ እስከ ጳውሎስ

ከደሴ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። እታለምን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። ታላቄ ናት። ትናንት የኩላሊት እጥበት ገብታለች፤ በሳምንት ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ትውላለች። አሁን አዲስ አበባ የምንሄደው የእኔ ኩላሊት ይሆናት እንደሆነ ለመመርመር ነው።

ኮምቦልቻ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ግራ ክንዷን ያዝኩ። ለእጥበቱ ደም ሥሮቿን ያገናኙበት ቦታ ከቆዳዋ ሥር ይነዝራል። ንዝረቱ ከጠፋ ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ ተነግሯታል። እናም እጄን ማንሳት አልቻልኩም። ከሚሴን ስናልፍ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም።

ሸዋ ሮቢት ቆምን። ሙቀት ነው። ሻጮች ሙዝና ፓፓያ ይዘው መኪናውን ከበቡት። እታለም ሙዝ ነፍሷ ነው። ግን ተከልክላለች፤ ሙዝ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የደከመ ኩላሊት አያስወጣውም፣ ሲጠራቀም ልብ ያቆማል። እኔም አልፈልግም አልኩ። ተቆጣች።

"እኔ ስለተከለከልኩ አንቺ ልትከሺ ነው? ብይ!"

ገዛች። ልጣ በእጇ አጎረሰችኝ። ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዙሬ ዋጥኩት።

ከደብረ ሲና በላይ ጉሙ ዋጠን። ጣርማበር ዋሻ ስንደርስ ጋቢዬን ደረብኩላት። ከንፈሯ ደርቋል። ውሃዋ በልክ ነው፤ ኩላሊት ካልሠራ የጠጡት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ ሳንባ ድረስ ይገባል። በሃይላንዱ ክዳን ቀድቼ ሰጠኋት። ከንፈሯን አርሳ ዝም አለች። ቆይታ፣

"እናትዬ፣ ይቅርብን። እንመለስ። አንቺ ገና አልወለድሽም።"

"አብሽሪ እታለም" አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እስከ ደብረ ብርሃን አላወራንም።

በማግስቱ ጠዋት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ገባን። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እዚህ ነው፣ በ2008 ዓ.ም.። ያኔ ደሴ ሆኜ በዜና ስሰማ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ደሜን ከቀዱ በኋላ ሐኪሟ ለብቻዬ አስገባችኝ። እታለም ውጭ ቀረች።

"ያስገደደሽ ሰው አለ? ገንዘብስ ቃል የገባልሽ? ሐሳብሽን በማንኛውም ሰዓት መቀየር ትችያለሽ።"

"የሚያስገድደኝ የለም፤ እሷ ናት እምቢ ያለችኝ" አልኩ። ድምፄ ተቆረጠ። ሐኪሟ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ።

ስወጣ እታለም በሩ ሥር ቆማለች። በአንድ እጇ ወረቀቶቻችንን፣ በሌላው የተላጠ ሙዝ ይዛለች።

"ደም ሰጥተሻል፤ ብይ" አለችኝ።