ለእኔ ግራጫ ነበር

ዓይኔ ብርሃን አይችልም። ነጭ የኮምፒውተር ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ካፈጠጥኩ ከቅንድቤ በላይ አንድ ሰው ምስማር መምታት ይጀምራል። ከነጩም የሚብሰው እንቅስቃሴው ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት እየተስፈነጠረ ይመጣል፣ ሲዘጋ እየተሸማቀቀ ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ሳይታክተው ይጠቅሰኛል።

አንድ እሑድ ማታ «በቃ!» ብዬ የኮምፒውተሬን ቅንብር ከፈትኩ። መስኮቶቹን የሚያስጨፍረውን ማብሪያ አጠፋሁ። (ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህችን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ታመሰግኑኛላችሁ።) የሌሊት ብርሃን የሚባለውን እስከ ጥጉ ገፋሁት፤ ስክሪኑ በኩራዝ የሚበራ መሰለ። ድምቀቱን እስከ መጨረሻው አወረድኩ። የተደራሽነት ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ሳጥን ሁሉ ላይ፣ ጽሑፉን ሳላነብ፣ ምልክት አደረግኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የተበቀለኝ ድምቀቱ ነው። ብዙ ስክሪኖች ሲደበዝዙ ብርሃናቸውን በእውነት አይቀንሱም፤ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ እየጠፉ ይበራሉ እንጂ። ድምቀቱ ባነሰ ቁጥር ጠፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። ዓይን አያየውም፤ የእኔ ራስ ግን ቆጠረው። ለዕረፍት ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ሳስወቅጥ ከረምኩ። የተሻለኝ ድምቀቱን መልሼ ከፍ አድርጌ ገጹን ጠቆር ባለ ግራጫ ስቀይረው ነው። ድፍን ጥቁር ላይ ድፍን ነጭ ፊደልም ሞክሬ ነበር፤ አስቲግማቲዝም የሚባል፣ እይታን የሚያደበዝዝ የዓይን ችግር ስላለብኝ ፊደሎቹ እንደ ቅዱሳን ሥዕል አክሊለ ብርሃን ደፍተው ታዩኝ።

ረቡዕ ዕለት አንድ አንቀጽ ልቀዳ ኮንትሮልንና ሲን ስጫን ጣቴ የዊንዶውስን ቁልፍ አብሮ ነካ። ቀለም የሚባል ነገር ከስክሪኑ ላይ ተነነ። ኮምፒውተር ለሚጠግን ወጣት ደወልኩ።

«ኮምፒውተሬ ቀለም ጨርሷል» አልኩት።

«ማተሚያው ነው ጋሼ?»

«ስክሪኑ ነው!»

«እስቲ የስክሪኑን ምስል ይላኩልኝ።»

በራሱ በኮምፒውተሩ አንስቼ ላክሁለት። ጥቂት ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ሰማያዊ ነው።»

«ግራጫ ነው!»

«ጥርት ያለ ሰማያዊ!» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓይንዎን በቅርቡ ታይተዋል?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ሹራቤ አቀረቀርኩ። ቀይ ነው። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ዛፉ አረንጓዴ ነው። ታዲያ ከሁለታችን ያበደው ማን ነው?

ማናችንም አላበድንም። ስክሪኔን ግራጫ ያደረገው የኮምፒውተሩ የቀለም ማጣሪያ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ፣ ምስሉ ወደ ስክሪኑ ሲወጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያነሣው ምስል ደግሞ ከማጣሪያው በታች ያለው ነው። በስልኬ ካሜራ አንስቼ ስልክለት ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ተሰማኝ። ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ግራጫውን ያበራል፣ ያጠፋል። ሳላነብ ምልክት ያደረግኩባት አንዷ ሳጥን ለካ ይህን ነበር የፈቀደችው።

አላጠፋሁትም። ምስማር መቺው ሰውዬ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዶልኝ ነበርና። በዚያ ሰላም ውስጥ ለዓርብ ስብሰባ ሪፖርት አዘጋጀሁ፤ ርዕሶቹን ፈዘዝ ባለ ግራጫ መደብ ላይ በጠቆር ግራጫ ጻፍኩ። የፊደልና የመደብ ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን የሚለውን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ስለማውቅ ለካሁት። አለፈ። ኮራሁ።

ዓርብ ዕለት አለቃዬ ከራሷ ኮምፒውተር ግድግዳው ላይ ዘረጋችው። ፈዛዛው ግራጫዬ የሚጮኽ ቢጫ ነበር። ጠቆር ያለው፣ ሐምራዊ። ሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ሮዝ፣ አንድ ረድፍ አረንጓዴ እያለ ይወርዳል። ንፅፅሩ ግን እንከን አይወጣለትም።

«ይህ እኛን ለማንቃት ነው?» አለች አለቃዬ።

«ቀይዋ መስመር ኪሳራው ናት?» ብሎ ጠየቀ አንዱ ባልደረባዬ። ስስላት ቀይ መሆኗን የት አውቄ! ለእኔ አምስቱም የግራፉ መስመሮች ግራጫ ነበሩ።

ምስማር መቺው ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ረዳት ይዞ። ወደ አለቃዬ ጠጋ ብዬ፣ «ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሲ፤ አንድ ላይ ተጫኚያቸው» አልኳት። ተጫነች። ቢጫው ንቅንቅ አላለም። እሷ ያላነበበችው ሳጥን ላይ ምልክት አታደርግም።

የቀሩትን 11 ገጾች ዓይኔን ጨፍኜ አቀረብኩ። ስጨርስ ተጨበጨበ። ባልደረባዬ ስንወጣ እጄን ጨብጦ፣ «አንድም ጊዜ ወደ ግድግዳው ሳታይ! ስንት ቀን አጠናኸው?» አለኝ።

«ሁለት ቀን» አልኩት።