የጎደሉት ሁለት ክንፎች

ጥቅምት 19፣ ማታ

ዛሬ እማዬ ተቆጥታኛለች። «ናፍታ የነካውን ብረት በእኔ ድስት ትቀቅላለህ?» ናፍታ አይደለም፣ ቤንዚን ነው ብላት ምን ሊጠቅመኝ። በክር አንጠልጥዬ የቀቀልኩት የጀልባዬን ሞተር ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያሳልፈውን።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ነው። ሞተሬ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ፣ ከታናሽ ወንድሜ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ሲሞቅ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ የለውም። ያለው ከኋላው በቀጭኑ የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው፤ እኛ ቤት «ሽንቱ» እንለዋለን። ሽንቱ ካለ ሞተሩ ጤነኛ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ቅዳሜ ዞር ብዬ ሳይ ጠብታ ብቻ ሆኗል። ወዲያው የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ፣ ጉልበቱም ወረደ። ኮፋኖውን አንስቼ ከሐይቁ በእጄ ጨልፌ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ጠብ ባደርግ፣ የጋለ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውሃ ጭስስ አለ። አጠፋሁት። ተመስገን፣ ፒስተኑ ተጣብቆ አልነከሰም።

ስድስት ሰው ጭኜ መሐል ጣና ላይ ቆምኩ። አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳው ቀስ እያለ ቀዝፎ አልፎን ሄደ። ሞተር የለው፣ የሚሞቅበት የለው። ቡና በከረጢት የያዙ እናት «አይዞህ ልጄ፣ ኪዳነ ምሕረት ታደርሰናለች» ሲሉኝ ይበልጥ አፈርኩ። ምክንያቱም ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሽንቱ ሲቆም ቀዳዳውን በፍሬን ሽቦ ጎርጉሬ ነበር። መጎርጎሩ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭቃ ይደፍነዋል። ውሃው ተመልሶ መጣ፣ ግን እንደድሮው አልነበረም። ቀጥኗል። አየሁት፣ ዝም አልኩት።

እሑድ መጀመሪያ የወቀስኩት እምቦጭን ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ለጠፋው ነገር ሁሉ እሱን መክሰስ ልማድ ሆኖብናል። እውነትም ከታች ውሃ በሚስብበት ወንፊት ላይ እንደ ፀጉር የተጠመጠመ ሥሩን አገኘሁ። ነቃቀልኩት፣ ምንም አልተለወጠም።

ስለዚህ የሞተሩን እግር፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የታች ክፍሉን፣ ፈታሁ። ፓምፑ እዚያ ነው። ስድስት ክንፍ ያላት የጎማ መንኮራኩር ናት፤ በብረት ጽዋ ውስጥ ከመሐል ትንሽ ፈንጠር ብላ ስለተቀመጠች፣ ስትዞር ክንፎቿ እየታጠፉና እየተቃኑ ውሃ ይገፋሉ። የእኔዋ አራት ክንፍ ቀርቷታል። አራቱም እንደደረቀ ቁርበት ጠንክረው ወደ አንድ ጎን ጎብጠዋል። ጽዋውን ደግሞ የክረምቱ ጭቃ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አውጥቶበታል። ሁለቱንም የሚተካ አዲስ አገኘሁና ሥራው አለቀ ብዬ ለመካኒኩ ደወልኩ።

«ስንት ክንፍ ጎደላት?»

«ሁለት፣ ጋሼ።»

«የት ገቡ?»

ዝም አልኩ። ውሃው ወደሚሄድበት ነዋ የሚገቡት! አንዱን ቁራጭ ከውሃ መውጫው ቱቦ ጎሚስታው በንፋስ ነፋልኝ፤ እንደ ጥይት ወጣ። ሁለተኛው ቴስታታው ላይ ካለው ቴርሞስታት ሥር ተሸጉጦ ተገኘ፤ እሱን ለማውጣት አንድ ብሎን ሰበርኩ፣ ግማሽ ቀንም ጨረስኩ። ይህን ሳላይ ብሄድ ሽንቱ በደንብ ይፈስልኝ ነበር፣ ቴስታታው ግን መንደዱን አይተውም። ለካ ሽንቱ የሚናገረው ፓምፑ መግፋቱን ነው፣ ውሃው ሁሉም ቦታ መድረሱን አይደለም።

የድስቱ ነገር እዚህ ላይ መጣ። ቴርሞስታቱ 50 ዲግሪ አካባቢ መከፈት አለበት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያም በፊት ብዙ ቀድሞ ነው መከፈት ያለበት። ቴርሞሜትር ስለሌለኝ ጣቴን ከጎኑ ነከርኩ። ውሃው ውስጥ ጣቴን ማስቆየት ሲያቅተኝ መሐሉ ቀስ ብሎ ተነሳ። ደህና ነው። ያስቸገረው ከሥሩ የተሸጎጠው የጎማ ቁራጭ ብቻ ነበር።

መግጠሙ አናደደኝ። አዲሷን ጎማ የሳሙና ውሃ ቀብቼ፣ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞርኩ ከተትኳት። በርሜል ውስጥ ነክሬ ብቀሰቅሰው ጠብታ የለም። ቶሎ አጠፋሁ። ከፓምፑ ውሃ ወደ ላይ የሚወስደው ቱቦ የሚገባበትን የጎማ አንገት ስቶ ከጎን ተቀምጧል። እንደገና እግሩን ፈታሁ፣ በባትሪ አብርቼ አየሁ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት።

አባቴ ሞተር ሊገዛ የመጣ ሰው ሲያገኝ «እስቲ ድምፁን ስማው» እያለ ደረቅ መሬት ላይ ይቀሰቅስ ነበር። ያለ ውሃ ጎማዋ በሰከንዶች ትቃጠላለች። እኔም ለጓደኞቼ ያንኑ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ አባቴን ብቻ መውቀስ አልችልም።

ሲመሽ በርሜሉ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሠራ። ሽንቱ ወንድሜን እግሩ ላይ መታው፣ ዘለለ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ለብ ያለ ነው። ቴስታታውንም ነካሁት፣ እጄን አላቃጠለኝም።

ነገ ለእማዬ ድስት እገዛለሁ። የድሮዋ ከእንግዲህ የሞተሩ ናት።