ጣና ዳር ያለው ደንገልና የኔ ሲሙሌሽን

ባህር ዳር ፊዚክስ እያስተማርኩ ጎን ለጎን ስፒን ዌቭ ላይ እሰራ ነበር። ማግኔት ውስጥ ያሉት ስፒኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የያዟቸው ጥቃቅን ማግኔቶች፣ አንዱ ጎረቤቱን እያወዛወዘ የሚሄድ ሞገድ ነው፣ ሐሳቡን ብሎክ የሚባል ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው ያመጣው። እኔን የሚገርመኝ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ሳይሄዱ መልዕክቱ መሄዱ ነው።

ኮምፒውተር ላይ የሰራሁት ሙከራ፣ ሲሙሌሽኑ፣ የፐርማሎይ ስትሪፕ (ቀጭን ረዘም ያለ ቁራጭ) ነበር፣ ፐርማሎይ ማለት 80 እጅ ኒኬል 20 እጅ ብረት፣ ርዝመቱ 2000 ናኖሜትር፣ ስፋቱ 100፣ ውፍረቱ 5። መሃሉ ላይ ማግኔቲክ ፊልድ እያወዛወዝኩ ለቀቅኩት፣ መብራት ሁለቴ አቋርጦብኝ በሦስተኛው ሌሊት ጨረሰ።

ጠዋት ግራፉን ሳየው ልቤ ዘለለ። እኩል እኩል የተራራቁ፣ ጭራሽ የማይነቃነቁ ነጥቦች አሉ፣ በመሃላቸው ሞገዱ የትም ሳይሄድ እዛው ከፍ ዝቅ ይላል። አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ሦስት ገጽ ጽፌ ለአማካሪዬ ወሰድኩላቸው። ዝም ብለው አዩትና

"ሞገዱ ጫፍ ሲደርስ የት ሄደ?" አሉኝ።

"አለቀ፣ ዶክተር።"

"ማን ጨረሰው?"

መልስ አልነበረኝም። ማታ ጣና ዳር ወጣሁ። ጀልባ ሲያልፍ የተነሳው ሞገድ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ይላተምና ይመለሳል፣ ከሚመጣው ጋር ሲገናኝ ውሃው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይዘላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደንገሉ ጋ ግን ገብቶ በዛው ይቀራል፣ መጀመሪያ ሳሳ ያለው ደንገል ትንሽ ይቀንሰዋል፣ ከዛ ጠቅጠቅ ያለው፣ መሬቱ ጋ ሲደርስ ምንም የለም። ቆሜ ቀረሁ። ፐርማሎይ ውስጥ ሞገዱ ጥቂት ማይክሮሜትር መሄድ ይችላል፣ ከመሃል እስከ ጫፍ ያለችው 1 ማይክሮሜትር አትገድለውም፣ ስለዚህ እኔ ያየሁት ከጫፉ ተላትሞ የተመለሰውን ነው!

ያኔውኑ ተመልሼ በሁለቱም ጫፍ 300 ናኖሜትር ያህል ላይ ዳምፒንጉን፣ ማለትም ሞገዱን የሚያደክመውን መጠን፣ ከ0.01 ጀምሬ ቀስ በቀስ እስከ 1 ከፍ አደረግኩት፣ ቀስ በቀስ መሆኑ ግዴታ ነው ምክንያቱም በአንዴ ከዘለለ ዝላዩ ራሱ ግንብ ይሆናል። ነጥቦቹ ጠፉ፣ ሞገዱ ከመሃል ወደ ሁለቱም እየተጓዘ ጫፉ ጋ ስስ ብሎ ቀረ።

እርግጥ እውነተኛ 2 ማይክሮሜትር ስትሪፕ ተሰርቶ ቢለካ ሞገዱ ይመለሳል፣ ያ ውሸት አይደለም፣ እኔ ግን የምጽፈው ስለ ረጅም ስትሪፕ ነበር። ሦስቱንም ገጽ በዛው ሌሊት አጠፋኋቸው።