የደረቀ ደም ናሙና አነሳስ

ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ግድግዳ ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ሲገኝ መጀመሪያ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ፎቶ ይነሳ፤ አንዴ ከተነካ ቅርጹ አይመለስም። ከዚያ አዲስ ጓንት፣ ንጹሕ የናሙና ጥጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የተጣራ ውሃ። ውሃ ካበዛችሁ ደሙ ይቀጥንና በጥጡ ሁሉ ይሰራጫል። ጫፉን ብቻ አርጥባችሁ እያዞራችሁ ጥረጉ፤ የቀረውን በደረቅ ጥጥ አንሱ። አጠገቡ ደም ከሌለበት ቦታም ማነጻጸሪያ ናሙና ውሰዱ። ይህን የሚዘል ሰው ጥቅሙ የሚገባው ፍርድ ቤት ሲጠየቅ ነው።

ናሙናው በአየር ይድረቅ፤ በፀጉር ማድረቂያ ግን አይሞከርም። ማሸጊያው የወረቀት ፖስታ ነው። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ባክቴሪያና ሻጋታም ዲኤንኤውን ያበላሹታል። ፖስታውን በምራቅ የሚያጣብቅ አይጠፋም፤ የራሱን ዲኤንኤ ጨመረበት ማለት ነው! በቴፕ አሽጉና ፊርማችሁ ግማሹ ቴፑ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ይረፍ፤ ሰው ከከፈተው መስመሩ ይዛነፋል።