በስም የተጸለየላቸው ልጆች

በከተማ መሃል ባሉ ችግረኛ ሰፈሮች ልጆችን ለምታስተምሩ፣ ለዚህም አገልግሎት ሸክሙ በልባችሁ ላለ ወገኖች ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ። እግዚአብሔር ጸሎት ይሰማል። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ አረጋጋው፤ ልብ ስጠው» ተብሎ የተጸለየላቸው ልጆች ሲለወጡ አይቻለሁ። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የመጣው ባልታሰበ በኩል ነው። ረባሽ የተባለው ልጅ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። «ሲነግሯት አትሰማም» የተባለችው ልጅ ጆሮዋ ይመግል ነበር። ጌታ ልጁን ከመለወጡ በፊት የአስተማሪውን ዓይን ይከፍታል። ክብሩን ለእርሱ ሰጥቼ፣ መልሱ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በዝርዝር ልናገር።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገው ጆርጅ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1835 መጨረሻ ቤት፣ ገንዘብና ሠራተኞች እንዲሰጠው ጸለየ፤ ተሰጠውም። በፌብሩዋሪ 1836 ማመልከቻ ለመቀበል በቀጠረበት ቀን ግን ስለ አንድ ልጅ እንኳ የሚያመለክት አልመጣም። ስለ ሁሉም ነገር ሲለምን ልጆቹን ራሳቸውን እንዳልለመነ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ምሽት ስለ እነርሱ ጸለየ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ፤ በኤፕሪል ቤቱ ተከፈተ። ዛሬም ብዙ አገልግሎት እዚሁ ላይ ይሰናከላል። ለአዳራሽ፣ ለወንበር፣ ለበጀት አጥብቀን እንጸልያለን፤ ልጆቹ ግን «የሰፈሩ ልጆች» ተብለው በጅምላ ይታለፋሉ። በጅምላ የተጸለየ ጸሎት መልሱ ሲመጣ እንኳ አይታወቅም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ በደብተር ላይ አንድ ገጽ ክፈቱ። ገጹን በአራት አምድ ክፈሉት፦ ቀን፣ ልመናው፣ ከእኛ የሚጠበቀው ሥራ፣ መልሱ የመጣበት ቀን። ሦስተኛውን አምድ ባዶ አትተዉት። «ትምህርት እንዲገባው» ተብሎ ከተጻፈ አጠገቡ «ዓይኑ ይታይ» ወይም «ማታ የት እንደሚተኛ ይጠየቅ» የሚል ነገር ይኑር። ልመናው የሚታይና የሚቆጠር ይሁን፤ «ይባረክ» ከማለት «ፋሲካ ሳይደርስ አንድ አንቀጽ ሳይደናቀፍ ያንብብ» ማለት ይሻላል። ደብተሩ ይቆለፍበት። የልጅን የቤት ጉድ «የጸሎት ርዕስ» ብሎ በጉባኤ መካከል መናገር ሐሜት ነው። ወሬው በሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ደርሶ ልጁን ከክፍል ያስቀረዋል። በጋራ ስትጸልዩ ያለ ስም ጸልዩ፤ ጌታ ስሙን ያውቀዋል።

ዓይንን በተመለከተ ልዘግይ፤ ብዙ የጸሎት መልስ የታየው እዚህ ነውና። ምርመራው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። በነጭ ካርቶን ላይ ባለ ሦስት ጥርሱን የላቲን ትልቅ «ኢ» (E) በጥቁር ቀለም ሥሩ። ቁመቱም ስፋቱም 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የእያንዳንዱ መስመር ውፍረትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልጁን 6 ሜትር አርቃችሁ አቁሙት፤ ርቀቱን በሜትር ለኩ፣ በእርምጃ አትገምቱ። ካርቶኑን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ጥርሶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ ያሳያችሁ። ፊደል የማያውቅ ልጅም በዚህ ይመረመራል፤ አያፍርምም። መጀመሪያ ቀረብ ብላችሁ አለማምዱት። ከዚያ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ አምስት ጊዜ፣ ሌላውንም እንዲሁ። ከአምስቱ አራቱን ካላገኘ ሌላ ቀን ድገሙት፤ አሁንም ከሳተ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።

ምርመራው የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ልጁ ዓይኑን በጣቶቹ ከሸፈነ በመሃል አጮልቆ ያያል፤ በመዳፉ ወይም በወረቀት ይሸፍን። ዓይኑን አጥብቦ ካየ የማይታየውን ያገኘዋል፤ ስለዚህ የምታዩት ፊቱን ነው። ተራ የሚጠብቁት ልጆች መልስ ይነግሩታል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ይግቡ። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ሁሉም ይወድቃል። ይህ ምርመራ የሩቁን እይታ ብቻ ስለሚያሳይ፣ አልፎም ቢሆን ሲያነብ ራሱን የሚያመው ወይም መጽሐፉን አፍንጫው ላይ የሚለጥፍ ልጅ ሐኪም ይየው። መነጽሩ ከመጣ በኋላም ሥራ አለ። ፍሬሙን ራሱ ይምረጥ፤ ሌላ ሰው የመረጠለትን ቦርሳው ውስጥ ይደብቀዋል። የመጀመሪያውን ቀን ሳትስቁ፣ ሳታጋንኑም፣ «አሁን ከኋላ ሆነህ ይታይሃል» ብላችሁ እለፉ።

ለጆሮ ደግሞ ከልጁ ጀርባ በአንድ ክንድ ርቀት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁሙ። የማይመረመረውን ጆሮ የፊት ጫፍ በጣት ተጭናችሁ በቀስታ አሹ። አየር አስወጥታችሁ በሹክሹክታ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀሉበት ሦስት ነገር ንገሩትና ይድገም። ከሳተ ሌላ ሦስት ጨምሩ፤ በድምሩ ከስድስቱ ከሦስት በታች ካገኘ ይመርመር። ፈሳሽ የሚወጣው ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሌላ ነገርም አይጨመርበት፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ረሃብና እንቅልፍ ቀላል ነው፣ ግን ይረሳል። የሚበላ ነገር ካለ ከትምህርቱ በፊት ይሰጥ፤ ለቅጣት አይከልከል፤ ለጸሎት ወይም ለመዝሙር ዋጋም አይሁን። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ከተማ ጫማ ሰፊ የነበረው ጆን ፓውንድስ እ.ኤ.አ. በ1839 እስኪሞት ድረስ በጠባብ ሱቁ የድሃ ልጆችን በነፃ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ የጎዳናውን ልጆች ወደ ትምህርት የሚጠራቸው ትኩስ ድንች ይዞ ነበር። እንቅልፍ የሚጥለውን ልጅ ከመቆጣት በፊት ማታ በሥራ ላይ እንደሆነ፣ ወይም ብዙ ሰው በሚተኛበት አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚያድር ጠይቁ።

ማንበብ ላይ ዋናው ስሕተት በዕድሜ ማስቀመጥ ነው። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ድሃ መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በሚችሉት ደረጃ መመደብን በሰፊው ሠርቶበታል፤ ለማንኛውም ሰፈር ይሆናል። ልጁን ብቻውን አስቀምጣችሁ በተራ ጠይቁት፦ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ታሪክ። የቆመበት ቦታ ምድቡ ነው። በቡድን ከስድስት ባይበልጡ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ቢማሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመማር እጅግ ይሻላል። ሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ያለው አገልግሎት ይህን ማወቅ አለበት። በየወሩ እንደገና መዝኑና አሻግሩ። በቃሉ ይዞ የሚያነብ የሚመስለውን ለመለየት ሥዕሉን ሸፍኑና ከመስመሩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያ ቃል በቃል አስነብቡት።

ፊደል ያልቆጠረ የ13 ዓመት ልጅ ሲመጣ የሕፃናት መጽሐፍ አትስጡት፤ በማግስቱ አይመለስም። ይልቅ ስለ ሥራው ወይም ስለሚወደው ጨዋታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ እናንተ እንደተናገረው ጻፉት፤ ከዚያ ጣቱን እያስከተለ ያንብበው። በቀጣዩ ቀን ቃላቱን ቆራርጣችሁ ስጡትና መልሶ ይገጣጥማቸው። የራሱ ንግግር ስለሆነ አይከብደውም፣ አያዋርደውምም። በዚህ መንገድ የጸሎት መልስ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ጎረምሳ ወረቀቱን ለታናሽ እህቱ ሊያነብላት ይዞት ይሄዳል።

ወደ ቤት ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ግቡ ሳትባሉ አትግቡ። የመጀመሪያው ጉብኝት ስለ ልጁ መልካም ነገር ለመናገር ይሁን። ሁልጊዜ ክስ ይዘን ከሄድን እናትየው እኛን ስታይ በሩን ትዘጋለች፤ እውነትም አላት። ከባድ ችግር ሲገጥማችሁ፣ ለምሳሌ ልጅ «አንድ ሰው ይነካካኛል» ብሎ ሲነግራችሁ፣ ተረጋግታችሁ ስሙት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። በጥያቄ አታጣድፉት፤ «ማን? የት? ስንት ጊዜ?» እያሉ መመርመር የእናንተ ሥራ አይደለም፣ በኋላም ቃሉን ያበላሽበታል። በዚያው ቀን በራሱ አነጋገር ጻፉትና ለሕፃናት ጥበቃ ኃላፊነት ላለው አካል አድርሱት። አድራጊው አገልጋይ ቢሆንም እንኳ። «ጸልየንበታል» ብሎ ዝም ማለት ኃጢአት ነው። ለዚሁ ሲባል በአገልግሎቱ ውስጥ ማንም ሰው፣ ምንም ያህል የተመሰከረለት ቢሆን፣ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ለብቻው አይሁን።

የጥሪ ጉዳይስ? ብዙዎች በጉባኤ ላይ ልባቸው ተነክቶ ይመጣሉ፤ በሦስተኛው ወር የሉም። እነዚህ ልጆች ጥሎ መሄድን ከእኛ በፊት አይተዋል፤ አንድ ሰው ሲጨመርበት «እኔ ነኝ ጥፋተኛው» ይላሉ። ስለዚህ አዲስ አገልጋይ በመጀመሪያ አንድ ወር ሌላውን እያየ ወንበር ያስተካክል፣ ከዚያ ለአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ቃል ይግባ። የሚችለው ሁለት ልጅ ከሆነ ሁለት ልጅ ይያዝ። መሄድ ግድ ሲሆን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ለልጆቹ ራሱ ይንገራቸው፤ የማይፈጽመውን «እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ» አይበል። ተተኪው በእነዚያ ሳምንታት አብሮት ይቀመጥ፤ የጸሎት ደብተሩም ገጽ በገጽ ይነበብለት፤ መልስ ያላገኙት ልመናዎች በቀይ ይሠመሩና ከዚያው ይቀጥል። በአንድ አስተማሪ ተጀምሮ በሌላው ዘመን የተመለሰ ልመና በደብተሩ ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያው አስተማሪም ተደውሎ ሊነገረው ይገባል።