ለፍራተርኒቲ ቤታችን ብር ስናሰባስብ ማንም ያልነገረን ነገር

አሜሪካ ኮሌጅ ገብተን ፍራተርኒቲ፣ ማለትም በግሪክ ፊደሎች የሚጠራ የወንድ ተማሪዎች ማኅበር፣ የተቀላቀልን ሐበሾች ብዙ አይደለንም። ተመርቀን ከወጣን በኋላ ለቤቱ ብር የምንሰጠው ደግሞ ከዚያም እናንሳለን። እኔ ከመስጠት አልፌ ሰብሳቢ ሆኛለሁ፤ የቤታችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። እዚህ ሥራ ውስጥ ልትገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የማኅበሩ አገር አቀፍ ጽሕፈት ቤት የሚልክላችሁን መመሪያ ከማንበባችሁ በፊት የኔን ስሙ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ልጆቹ የሚኖሩበት ቤት ብዙ ጊዜ የልጆቹም የዩኒቨርሲቲውም አይደለም። ባለቤቱ የቀድሞ አባላት ያቋቋሙት የቤት ኮርፖሬሽን ነው። ቤቱን ለቻፕተሩ (በዚያ ኮሌጅ ላለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ) ያከራያል፣ ጣሪያ ሲያፈስ ያስጠግናል፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ቦርዱ ደመወዝ የለውም። ተማሪው አራት ዓመት ኖሮ ይወጣል፤ ቤቱ ከእሱ በፊትም ነበር፣ ከእሱ በኋላም ይኖራል። የዕድር ዳኛ ሆኖ ላገለገለ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፦ ዛሬ የሚያዋጣው ዛሬ የሚጠቀመው አይደለም።

የኛ ቤት ስፕሪንክለር አልነበረውም። እሳት ሲነሳ ከጣሪያው ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1996 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቻፕል ሂል ላይ፣ በምረቃው ዕለት ማለዳ፣ የፋይ ጋማ ዴልታ ቤት ተቃጥሎ 5 ተማሪዎች ሞቱ። ዕለቱ የእናቶች ቀንም ነበር። ያ ቤት ስፕሪንክለር አልነበረውም። ከተማው ከዚያ በኋላ የፍራተርኒቲና የሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) ቤቶች ሁሉ እንዲያስገጥሙ አስገደደ። የኛ ከተማ ግን አሮጌ ቤቶችን አላስገደደም፤ ስላላስገደደም ከኛ በፊት የነበረው ቦርድ ሁሉ “በሚቀጥለው ዓመት” እያለ አለፈው።

እኛ ለማስገጠም ወሰንን። የቀድሞ አባላቱን የስም ዝርዝር አጸዳን። ከተቋራጮች ዋጋ ጠየቅን፣ መካከለኛውን መረጥን። ከተማው ፈቃድ ሰጠ፤ ከመንገድ የሚገባው የውሃ ቧንቧ ይስፋ ተባለ፣ ዋጋው ጨመረ፣ እሺ አልን። ይህ ሁሉ ያለ ብዙ ጣጣ አለቀ። ጣጣው ያለው ፋውንዴሽኑ ጋ ነው፤ ለአገር አቀፉ ማኅበር ስጦታ የሚቀበለው ድርጅት ማለቴ ነው።

የአገር አቀፉ መመሪያ “ስጦታ በቀጥታ አትቀበሉ፣ በፋውንዴሽናችን በኩል ይለፍ” ይላል። ምክንያቱ ግብር ነው። የቤት ኮርፖሬሽን በአብዛኛው 501 ሲ 7 የሚባለው፣ እንደ ማኅበራዊ ክበብ የሚቆጠር ድርጅት ስለሆነ፣ ለእሱ የሰጠ ሰው ስጦታውን ከግብሩ ላይ ማስቀነስ አይችልም። ፋውንዴሽኑ 501 ሲ 3 የሚባለው፣ እንደ በጎ አድራጎት የሚቆጠር ድርጅት ነው፤ ለእሱ የሰጠ ይቀነስለታል። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ ያምራል። እኛም አምነን ለሁሉም ሰው የፋውንዴሽኑን አድራሻ ላክን፣ ቼኮቹም ወደዚያ ሄዱ።

በመመሪያው ውስጥ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ይህ ነው፦ የ501 ሲ 3 ብር የሚወጣው ለትምህርት ዓላማ ነው። ፍራተርኒቲ ቤት ደግሞ መኝታ ነው፣ ወጥ ቤት ነው፣ ቅዳሜ ማታም ጭፈራ ነው። ስለዚህ የፋውንዴሽኑ ሰዎች የቤቱን ፕላን ጠየቁንና ክፍል በክፍል ይከፋፍሉት ጀመር። ማጥኛ ክፍል ይገባል። መጻሕፍት ያሉበት ክፍል ይገባል። ወደዚያ የሚዘረጋው የኢንተርኔት ገመድ ይገባል። ሳሎኑ ቴሌቪዥን ስላለው አይገባም። መመገቢያ ክፍሉ ላይ በኢሜይል ተጨቃጨቅን። ልጆቹ ከራት በኋላ የሚያጠኑት እዚያ ነው፣ ጠረጴዛው ሰፊ ነውና። “ዋና አገልግሎቱ ምንድን ነው?” ተባልኩ። ተርቦ የሚያጠና ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ልጽፍ ስል ጠበቃችን ከለከለኝ።

ስፕሪንክለሩስ? እሳት፣ ማጥኛ ክፍልንና መኝታ ክፍልን አይለይም። እነሱ ግን ይለያሉ። ወጪው የሚሸፈነው ቤቱ ለትምህርት በሚውልበት ስፋት መጠን ብቻ ነው ተባልን። ልጆቹ የሚተኙባቸው ፎቆች፣ ማለትም ሰው የሚሞትባቸው ፎቆች፣ ከሂሳቡ ወጡ። ይህን የነገረችኝ ሴትዮ ጨዋ ነበረች፣ ድምጿም የሚያዝን ይመስላል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በፋውንዴሽን በኩል የሚሰጥ ብር እንዲፈቀድ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቧል፤ እኛ በምንሰበስብበት ጊዜ ግን አልጸደቀም ነበር። እሷን አልወቅስም። የምወቅሰው “በኛ በኩል ይለፍ” ብሎ የጻፈውንና ቀጥሎ የሚመጣውን ያልጻፈውን ሰው ነው።

ከዚያ ደግሞ ደብዳቤ መጣ። የምንሠራው ማጥኛ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ዶርም ውስጥ ከሚያቀርበው ጋር ተመሳሳይ መሆኑን ዩኒቨርሲቲው ይመስክር አሉ። የዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ ቤቶች ክፍል ደግሞ የኛ ስላልሆነ ሕንፃ ደብዳቤ አንጽፍም አለ። ፋውንዴሽኑ ያለ ደብዳቤ አይሆንም አለ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ አንዱ የላከውን ለሌላው ሳስተላልፍ ወቅት ተለወጠ። ብሩ ፋውንዴሽኑ አካውንት ውስጥ ተኝቷል፣ የአስተዳደር ክፍያ ተቆርጦለታል። ተቋራጩ ለቧንቧ ማዘዣ ቅድሚያ ክፍያ ይላል። ፋውንዴሽኑ ደረሰኝ ሳይቀርብ አልከፍልም ይላል። ለሰጪዎቹ እንመልስላቸው ብንል አይቻልም፤ አንዴ ከገባ የፋውንዴሽኑ ነው።

የሚያበሳጨው ያ ሁሉ ልፋት ለማን እንደሆነ ሲታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛው የግብር ተቀናሽ፣ ማለትም ሰው ስጦታውን ሳይዘረዝር ከገቢው ላይ የሚቀነስለት፣ ለነጠላ ሰው 12,000፣ ለባልና ሚስት 24,000 ዶላር ደረሰ፤ ከበፊቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። እኛ መሰብሰብ የጀመርነው በማግስቱ ዓመት ነው። ያንን ተቀናሽ ለሚወስድ ሰው፣ ያም ብዙው ሰው ነው፣ የ500 ዶላር ስጦታ ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ ከማስቀመጥ ያለፈ አልፈየደውም። ከዚያ ወዲህ ደንቡ መለዋወጡ አልቀረምና የዛሬውን ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጠይቁ። ግን መጀመሪያ ሰጪዎቻችሁን ጠይቁ።

እኛ በመጨረሻ ጠየቅናቸው። ስልክ እየደወልን፣ ብራችሁ እዚያ ታስሯል፣ ሥራው ቆሟል፣ በቀጥታ ለኮርፖሬሽኑ ብትሰጡ ግን አይቀነስላችሁም አልናቸው። ስለ ግብሩ የተጨነቁት ጥቂት ባለጠጎች ናቸው። የቀሩት “ቼኩን በማን ስም ልጻፍ?” ነው ያሉት።

ለምን ሰጡ? አማካሪ ተብሎ የመጣው ሰው የድርጅቱ ታሪክና የግሪክ ፊደሎቹ ክብር የታተመበት የሚያብረቀርቅ ወረቀት አሠርቶን ነበር። ስለዚያ ወረቀት አንድም ሰው አላነሳልኝም። በሰባዎቹ የተመረቀ አንድ ሽማግሌ የነገረኝ ስለ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ነው፤ ፈተና ሰሞን ሌሊት ሳንድዊች ትተውላቸው ነበር። ሌላው አባቱ ከፋብሪካ ሲባረር ብራዘሮቹ፣ ማለትም አባላቱ፣ ቤት ኪራይ አልጠየቁኝም አለ። እኔም እንደዚያው ነኝ። ቤተሰቤ በዲቪ መጥቶ አባቴ ፓርኪንግ ሲሠራ፣ ለአንድ ሴሚስተር የክፍሌን ኪራይ የሆነ ሰው ከፍሎልኛል። ማን እንደሆነ አልተነገረኝም። ገንዘብ ያዥነቱን ስረከብ መጀመሪያ የፈለግሁት ያንን መዝገብ ነበር፤ የዚያ ዓመቱ የለም። እናቴ ስትሰማ “እና ለማን ነው የምትመልሰው?” አለችኝ። ለሚቀጥለው ልጅ አልኳት፣ አልተዋጠላትም።

ያልሰጡም አሉ። አንዱ፣ ገና ሊቀላቀል ሲል ነባሮቹ አባላት ምድር ቤት ውስጥ ያደረሱበትን ግፍ ነግሮኝ ስልኩን ዘጋ። ያንን ሰው ከዝርዝሩ ሰርዙት፣ ደግማችሁ አትደውሉ። ምድር ቤቱን ግን ለቦርዱ አንሱት፤ እኛ አንስተነዋል፣ ስብሰባውም ደስ የሚል አልነበረም።

አማካሪዎች መጀመሪያ ትልልቁን ስጦታ ያዙ፣ ግማሹ ሳይሞላ ለሌላው አትናገሩ ይላሉ። ለዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሠራ ይሆናል። ለሠላሳ ልጆች ቤት ግን ከየምረቃው ዓመት አንድ ወሬኛ ፈልጉ፣ ጓደኞቹን እሱ ይደውልላቸው። እኔ የማላውቀው ሰው ጋ ደውዬ ያገኘሁት እሱ ካገኘው ሩቡን አይሆንም። ፋውንዴሽኑን ለማጥኛ ክፍሉ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከሚቀነስላቸው ሰዎች ብቻ ተቀበሉ፣ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ደግሞ አንድ ዶላር ሳትሰበስቡ በእጃችሁ አስገቡ።

ስፕሪንክለሩ ገብቷል፣ ኢንሹራንሱም ትንሽ ቀንሷል። ፋውንዴሽኑ የማጥኛውን ድርሻ ሥራው ካለቀ በኋላ ከፈለ፣ ከእንኳን ደስ አላችሁ ካርድ ጋር። አሁን ተራው የጣሪያው ነው። ዝናብ ለትምህርት ስንት እጅ እንደሚፈስ ለክተው እስኪነግሩኝ አልጠብቅም፤ ወሬኞቹ መደወል ጀምረዋል።