ሦስት ክንድ

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ደብረ ማርቆስ ከተከራየሁበት ግቢ ወጣሁ። አከራዬ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። “ምነው ልጄ፣ አውቶቡስ ጠፍቶ ነው?” አሉኝ። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። “አይ እትዬ፣ አገሩን እያየሁ ልሂድ ብዬ ነው” ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ድፎ ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ከኋላ መጫኛው ላይ አሰሩልኝና “መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ” ብለው መረቁኝ። ትንሽ ራቅ ካልሁ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ከመኪና ይሰውርህ!” የሚል ጨመሩበት።

ባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አራት ቀን መደብሁለት። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የስፖርት ዕቃ አይደለም፣ እግር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ትልልቆቹ መንገዶቿ ዳርና ዳራቸው ዘንባባ ነው። ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ነጠላዋን ያጣፋች ወይዘሮ፣ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ ቄሱም ሳይቀሩ ሲነዱ እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔ ራሴ የጀመርሁት በኪራይ ፎኒክስ ብስክሌት ነው። ኮርቻው ላይ ወጥቼ ፔዳሉን መርገጥ ስለማልችል በአግዳሚው ብረት ሥር እግሬን አሾልኬ፣ በጎን ተንጠልጥዬ እነዳ ነበር። የዚያን ጊዜ ልጅ ሁሉ የተማረው እንደዚህ ነው። ስለዚህ ከመኪና ጋር መንገድ መጋራት የሚባለውን ነገር ከልጅነቴ የጨረስሁት ይመስለኝ ነበር።

አማኑኤልን ሳልፍ ክላክሱን መለየት ጀመርሁ። ከሩቅ አጠር አጠር ተደርጎ ሁለት ጊዜ የሚነፋ አለ፤ “መጥቻለሁ፣ እወቅ” ማለት ነው፤ ደስ ይላል። ጀርባዬ ላይ ደርሶ ሳያቋርጥ የሚጮኸው ደግሞ ሌላ ነው። እርሱን ተከትሎ ብዙ ጊዜ የረዳቱ ራስ በመስኮት ብቅ ይላል፤ ቃሉም አንድ ነው፦ “ውረድ!”

ወዴት ነው የምወርደው? የአስፋልቱን ጠርዝ ዝቅ ብሎ ላየው ሰው ጥያቄው ግልጽ ነው። ክረምቱ የመንገዱን ትከሻ እየቦረቦረ ስለወሰደው አስፋልቱ የሚያልቀው እንደ ደረጃ ነው፤ አንዳንድ ቦታ አንድ ስንዝር ሙሉ ይወርዳል። ከሥሩ የላላ ጠጠር አለ። በቀጭን ጎማ ከዚያ ላይ በፍጥነት መውረድ ማለት መውደቅ ማለት ነው። ጠጠሩ ደህና በሆነበት ቦታ ደግሞ ባዶ አይደለም። የጤፍ ጭድ የተጫኑ አህዮች፣ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች፣ ደብተር ያቀፉ ተማሪዎች፣ በግ የሚጎትት ሕፃን በሰልፍ ይሄዱበታል። ያ ጥጋት የእግረኛው ነው። “ውረድ” የሚለኝ ረዳት ሳያስበው “እነዚያ እናት ላይ ውጣባቸው” እያለኝ ነው። ይህ ነገር ያን ቀን አንጀቴን አሳረረው፤ ዛሬም ሳስበው ያሳርረኛል።

ከዚያ በኋላ ጠርዙን ጥዬ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ መንዳት ጀመርሁ። ድፍረት አልነበረም። ጠርዙን ታክኬ ስሄድ ሹፌሩ “እበቃዋለሁ” ብሎ ከፊት የሚመጣ መኪና እያለ እንኳ በመካከላችን ሊሾልክ ይሞክራል። ትንሽ ገባ ስል ግን መወሰን ግድ ይሆንበታል፤ ወይ ከኋላ ይታገሣል፣ ወይ መንገዱ ሲለቀቅለት ግራውን ይዞ ያልፋል።

ሁሉም ግን አይወስንም። ደንበጫን ካለፍሁ በኋላ፣ መንገዱ ቁልቁል በሚያዘቀዝቅበት ቦታ፣ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ከኋላ መጣ። ከፊት ለፊት አውቶቡስ ይመጣል። ፍሬን ይይዛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልያዘም። መጀመሪያ ነፋሱ ገፋኝ። ትልቅ መኪና አየሩን ከፊቱ እየገፋ ስለሚመጣ ወደ ውጭ ያወጣሃል፤ ሲያልፍህ ደግሞ መልሶ ወደ ጎማው ይስብሃል። መሪውን ጨብጬ ተቋቋምሁት። ጋቢናው አለፈኝ። “ተመስገን” ብዬ ትንፋሼን ልመልስ ስል ተሳቢው መጣ። ሹፌሩ አውቶቡሱን ሲያይ ወደ ቀኝ ሰብስቦ ነበርና ተሳቢው ከፊተኛው ይልቅ ወደ እኔ ጠብቦ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን ብሎን በዓይኔ መቁጠር እችል ነበር። ጠርዙ ከሥሬ ጠፋ፤ ጠጠሩ ላይ በክርኔና በጉልበቴ ወደቅሁ።

መኪናው አልቆመም። ከማሳው ጤፍ ሲያጭዱ የነበሩ ሦስት ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ሮጡ። ሸምገል ያሉት “አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ፣ ነፍስህ ተርፋለች” እያሉ አቧራዬን አራገፉልኝ፤ ወጣቱ ጫካ ገብቶ የማላውቀውን ቅጠል አመጣና ቁስሌ ላይ ጨመቀልኝ። ድፎ ዳቦው ተበትኖ ነበር። “አያ፣ እናንተስ ከብት ስትነዱ እንዴት ታደርጋላችሁ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “አንድ ሰው በመኪናው በኩል ይሄዳል” አሉኝ። “ከብቷን ባያያት ሰውየውን ያያል ብለን ነው።” ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ግን ያ በመኪናው በኩል የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ መሆኑን መንገዱን ሙሉ ሳየው ነው የመጣሁት።

ፍኖተ ሰላም እያነከስሁ ገባሁ። የፊት ቸርኬዬ ተጣሟል፤ ከመነዳሪውም ተበስቷል። ጎሚስታው ጋ ስደርስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎማ እያስቀየረ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ ሰው ነው። ክርኔን አይቶ “ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ወንድሜ?” አለኝ። ነገርሁት። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበርና ሹፌሮችን በሙሉ በአንድ ሙቀጫ ወቀጥኋቸው። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ።

“እውነትህን ነው” አለ በመጨረሻ። “የእኛን ደግሞ ስማ። የተጫነ ተሳቢ ዳገት ሊጀምር ሲል ፍሬን ካስያዝኸው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትህ ነው የምትወጣው። ባለንብረቱ የሚቆጥረው ቢያጆ ነው፤ ስንት ብስክሌት ታግሠህ አለፍህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ክላክሱንም ብዙዎቻችን ለስድብ አይደለም የምንነፋው፤ እንዳትደነግጥ ብለን ነው።”

“የሚያስደነግጠኝ እኮ እርሱ ነው” አልሁት።

“ከቅርብ ስለሚነፉት ነው። ከሩቅ ከነፋኸው ሰላምታ ነው፤ አጠገቡ ደርሰህ ከነፋኸው በትር ነው።” ተነሥቶ ወደ መኪናው ወሰደኝ። “ሰው መኪናው የሚያልቀው ጎኑ ላይ ይመስለዋል። እየው፣ የሚያልቀው እዚህ ነው” ብሎ ስፖኪዮውን በመዳፉ መታ። የስፖኪዮው ብረት ከጋቢናው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ተዘርግቷል። ከዚያ ሥር ቆመና መሬቱ ላይ ተንበርክኮ በክንዱ ለካ፤ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው የደረሰበት ላይ ጠጠር አስቀመጠ። “እኔ ባለብስክሌት የማልፈው በዚህ ነው። ይህ ከሌለ አላልፍም፣ ከኋላው እሄዳለሁ። ብስክሌት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጉድጓድ ሲያይ ይዘልለዋል፣ ነፋስ ሲመታው ይወላገዳል።”

ይህን ከየት እንዳወቀ ጠየቅሁት። ትንሽ ፈገግ አለ። “ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ ነው መንዳት የለመድሁት።”

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደጋግሜ ያሰብሁት ይህን ነው። ሦስት ክንድ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ፈረንሳይ ከከተማ ውጭ ባለብስክሌት የሚያልፍ ሹፌር እንዲተው በሕግ የምታስገድደው ርቀት በትክክል ያው አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሰውየው የፈረንሳይን ሕግ አላነበበም፤ ልኩን ያወቀው ገላው ላይ ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚማር ሰው ሁሉ፣ መሪ ከመጨበጡ በፊት፣ አንድ ሳምንት ብቻ በዚህ መንገድ ብስክሌት ቢነዳ ብዬ ተመኘሁ። ይህን ምኞት ዛሬም አልተውሁትም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለአሥር ዓመት የሚያገለግል፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ሲያደርግ ከማንም በላይ የተደሰትሁት ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ስትራቴጂው በአብዛኛው ስለ ከተማ ያስባል፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ የቀረው ከደንበጫ ማዶ ያለው ጠርዝ ላይ ነው።

በማግስቱ ቡሬን አለፍሁ። ጋሪዎቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ባለጋሪ ከኋላው ቀይ የፕላስቲክ ጀሪካን ክዳን ሰቅሏል፤ “ሲመሽ መብራቱ ሲያርፍበት ያበራል” አለኝ። ከጥሊሊ በኋላ ዳገቱ ይበረታል፤ ገፋሁ እንጂ አልነዳሁም። ዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ በዛፍ ተከብቦ ተኝቷል። ዳር ላይ ተቀምጬ ክርኔን አጠብሁ። ውኃው ከመርጋቱ የተነሣ መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ የነበረው ነገር ያን ጊዜ ዝም አለ።

እንጅባራ የአዊ አገር ናት፤ የፈረስ አገር። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ያውቃል። እኔ የደረስሁት በኅዳር ስለነበር በዓሉ አልነበረም፤ ፈረሰኛ ግን ነበር። ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በተሸለመ ፈረስ በአስፋልቱ ዳር ሲመጡ አንድ ሚኒባስ ከኋላቸው ደረሰ። ክላክስ አልነፋም። ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ራቅ ብሎ ወደ ግራ ወጣና በቀስታ አለፋቸው። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አነሣላቸው፤ እርሳቸውም አለንጋቸውን አነሡለት። ፈረስ ሊደነግጥ እንደሚችል እዚያ አገር የማያውቅ የለም። ያው ሚኒባስ ከሁለት ደቂቃ በኋላ እኔን ሲያልፈኝ ስፖኪዮው ትከሻዬን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እንጅባራ አድሬ ተነሣሁ። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ከሰል የተጫኑ መኪናዎች ይበዛሉ። ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎ ነው የሚሸጠው። ጭነታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ጠመዝማዛው ላይ ያዘነብላሉ። ዳንግላ አደርሁ።

የባለብስክሌቱን ጥፋት ያየሁት መራዊ ልገባ ስል ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታኝ ዘግይቼ ነበርና መሸብኝ። መብራቴን አበራሁ። ድንገት ከጨለማው ውስጥ፣ በእኔው መስመር፣ ፊት ለፊት ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን መጡ። መብራት የላቸውም፤ አንዱ ጓደኛውን አግዳሚው ላይ አፈናጧል። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ መኪና ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ። ሹፌሩ ወርዶ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጮኸባቸው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ከሹፌሩ ጋር ሆኜ ጮህሁባቸው። ሰው ገድሎ ዕድሜ ልኩን ከዚያ ሌሊት ጋር መኖርን ያ ሹፌር አልለመነም። ሦስት ክንድ የምንጠይቅ ሰዎች ቢያንስ መታየት አለብን። ሌሊቱን መራዊ አደርሁ፤ አራቱ ቀን አምስት ሆነ።

ባሕር ዳር ስገባ ረፋድ ነበር። ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ በሥራቸው የሚያልፈው ግን ተለውጧል። በልጅነቴ በብስክሌት ደወል ይሞላ የነበረው መንገድ በባጃጅ ተሞልቷል። ባጃጁ ለእናቶች፣ ለሕመምተኛ፣ ለዕቃ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እንጀራም ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሹፌር ሦስቱን ክንድ የተማረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በባጃጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነገ ተሳቢ ሲነዳ ከየት ይማረዋል?

ድሮ ወደምከራይበት ሰፈር ሄድሁ። አከራዩ ጋሼ አርጅተዋል፤ ግድግዳው ላይ ሃያ ይደርሱ የነበሩት ብስክሌቶች አራት ቀርተዋል። ቸርኬዬን በጣታቸው እያሽከረከሩ “ጎሚስታው መቶታል እንጂ አላቃናውም” አሉና ቁልፋቸውን አንሥተው ሽቦውን አንድ በአንድ ያጠብቁ ጀመር። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣ። ሳንቲሙን ቆጥሮ ሰጣቸው፤ ከአራቱ ረጅሙን መረጠ። እግሩን በብረቱ ሥር አሾለከና እየተወላገደ ወደ መንገዱ ወጣ። ከኋላው ባጃጅ ደረሰ። ሹፌሩ ክላክሱ ላይ ያደረገውን አውራ ጣት አነሣ፤ ልጁ ጥጉን ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ በእርምጃ ተከተለው።